በጦርነት ጊዜ የፈረንሳይ መሪ ለማን ነው የሚመልሰው?

በኦገስት 1915 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ሳለ፣ አንድ የፈረንሳይ መኮንን በምሥራቅ ፈረንሳይ ካለው የቬርደን ግንባር ደብዳቤ ጻፉ። ሌተና ኮሎኔል ኤሚል ድሪያን የሁለት ሻለቆች አዛዥ ብቻ አልነበሩም፤ የናንሲ ሕዝብ የመረጣቸው የምክር ቤት እንደራሴም ነበሩ። ደብዳቤውን የላኩትም ለጦር አለቆቻቸው ሳይሆን ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ለፖል ዴሻኔል ነው። ጠላት በዚህ በኩል ከመጣ የመጀመሪያው መስመር እንደማይችለው፣ ሁለተኛውን መስመር ለማበጀት ደግሞ የሰው እጅም እሾኻማ ሽቦም እንደሚያንሳቸው አስረዱ። የቬርደን ምሽጎች መድፎች በዚያው ሰሞን እየተነቀሉ ወደ ሌላ ግንባር ይጓዙ ነበር።

ጉዳዩ ከምክር ቤቱ ተነሥቶ ጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ጋሊዬኒ ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸውም በዲሴምበር የሠራዊቱን ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ዦፍርን ጠየቁ። የዦፍር መልስ በቁጣ የተሞላ ነበር። ለተባለው ሥጋት መሠረት የለውም አሉ፤ በሥራቸው ያለ ወታደር ከዕዝ ሰንሰለቱ ወጥቶ ለመንግሥት አቤት ማለቱንም እንደማይታገሡ አሳወቁ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1916 የጀርመን መድፍ ቬርደን ላይ ተከፈተ። ድሪያን በማግስቱ፣ ወታደሮቻቸው በያዙት ጫካ ውስጥ ሲዋጉ ሞቱ። በዚያ ግንባር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከሁለቱም ወገን ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ።

ስለ ፈረንሳይ የጦርነት መሪዎች ሲወራ በአብዛኛው የሚወራው ስለ ሰዎቹ ጠባይ ነው። የ1917ቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ቆራጥ፣ የ1940ው ፕሬዚዳንት ለብረን ደካማ፣ በ1940 ውጊያው ይቁም ያሉት ማርሻል ፔታን ከዳተኛ፣ የ1958ቱን ሕገ መንግሥት ያወጡት ጄኔራል ደ ጎል አርቆ አሳቢ ይባላል፤ ከዚያም «በጦርነት ጊዜ አገር አንድ ጠንካራ ሰው ያስፈልጋታል» ወደሚለው መደምደሚያ ይኬዳል። ዛሬ ፈረንሳይ የምትተዳደርበት ሕገ መንግሥትም የተሠራው በዚህ እምነት ነው። እኔ ግን ያንን ታሪክ ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳይ ጦርነቷን በደንብ የመራችው መሪዋ ጠያቂ በነበረው ጊዜ ነው፤ ከባዱ ጥፋት የወረደባትም ጠያቂው ዝም ሲል፣ አለዚያም እንደ ድሪያን ዝም በል ሲባል ነው። የ1958ቱ ሕገ መንግሥት የለብረንን ድክመት አከመ፤ ክሌማንሶን ክሌማንሶ ያደረገውን ነገር ግን አብሮ ጣለው።

ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ ርእሰ ብሔሩ ሬይሞን ፗንካሬ ነበሩ። በሦስተኛው ሪፐብሊክ፣ ማለትም እስከ 1940 በቆየው ሥርዓት፣ ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ለሰባት ዓመት ይመረጣል፤ በወረቀት ሲታይ ጦር ኃይሉን ያዛል፤ በሥራ ግን የሚኒስትር ፊርማ ያልታከለበት ትእዛዝ ማውጣት አይችልም። ሌላው ቀርቶ ምክር ቤት ገብቶ መናገር እንኳ አይፈቀድለትም። ፗንካሬ ኦገስት 4 ቀን ሕዝቡ ልዩነቱን ትቶ በ«ቅዱስ አንድነት» እንዲቆም የጠየቁበትን ያንን ዝነኛ መልእክት በእንደራሴዎቹ ፊት ያነበቡላቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ረኔ ቪቪያኒ ናቸው። መልእክቱ ከተነበበ በኋላ ምክር ቤቶቹ በጭብጨባ ተበተኑ፤ እስከ ዲሴምበር 22 ድረስም አልተሰበሰቡም። በመካከሉ ኦገስት 22 ቀን፣ በአንዲት ጀንበር፣ ወደ 27,000 የሚጠጋ የፈረንሳይ ወታደር ሞተ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ መንግሥቱ ፓሪስን ለቆ ወደ ቦርዶ ወረደ። በእነዚህ ወራት አገሪቱን በተግባር የመራው ፗንካሬም ቪቪያኒም አልነበሩም፤ የዦፍር ጠቅላይ የጦር ሰፈር ነበር። ሚኒስትር እንኳ ወደ ግንባር ለመሄድ ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ የሰፈሩ መኮንኖችም ለማን ምን እንደሚነገር የሚወስኑበት ጊዜ ነበር።

ይህ አሠራር የተሰበረው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው፤ የሰበረውም ሌላ ጠንካራ ሰው አይደለም። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጦር ጉዳይ ኮሚቴዎች ስለ መድፍ ቁጥር፣ ስለ ጥይት ምርት፣ ስለ ሕክምና ድንኳኖች ሳይቀር ጥያቄ ማዥጎድጎድ ጀመሩ። ቬርደን ገና እየነደደ ሳለ፣ በጁን 1916፣ የእንደራሴዎች ምክር ቤት በሩን ዘግቶ ለብዙ ቀን በምስጢር ተሰበሰበ፤ የድሪያን ማስጠንቀቂያ ምን እንደደረሰበትም እዚያ ተነሣ። ከወራት በኋላ ዦፍር የማርሻልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው ከአዛዥነት ተነሡ። በፈረንሳዮች ዘንድ ሰውን በክብር ከሥልጣን ማንሣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ጠያቂ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልነበረ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት አሳየ። ኤፕሪል 6 ቀን 1917 ኮምፒዬን ላይ በቆመው የፕሬዚዳንቱ ባቡር ውስጥ ፗንካሬ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሪቦ፣ ጦር ሚኒስትሩ ፓንልቬና ጄኔራሎቹ ተሰበሰቡ። አዲሱ አዛዥ ጄኔራል ኒቬል በአንድ ምት ጀርመንን እሰብራለሁ ብለው ያዘጋጁት ማጥቃት ለውይይት ቀረበ። ፓንልቬ አላመኑበትም፤ ፔታን አላመኑበትም፤ ሌሎቹም ጄኔራሎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ኒቬል «እንግዲያስ ሥልጣኔን እለቅቃለሁ» ሲሉ ግን ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የሁሉም ልብ እየጠረጠረ ዘመቻው ጸደቀ። ከአሥር ቀን በኋላ የተጀመረው ያ ማጥቃት በሽህ የሚቆጠር ሬሳና ወደ ግንባር አንመለስም ያሉ ክፍለ ጦሮችን ትቶ አለፈ። ርእሰ ብሔሩ በሰብሳቢነት ተቀምጠው ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድም ሰው «ውሳኔው የእኔ ነው፣ በምክር ቤቱ ፊት የምጠየቀውም እኔ ነኝ» ብሎ አልቆመም።

ያን ዓረፍተ ነገር ይዘው የመጡት ዦርዥ ክሌማንሶ ናቸው። ፗንካሬ ሰውየውን አይወዷቸውም ነበር፤ ክሌማንሶም በጋዜጣቸው ፕሬዚዳንቱን ሲቦጭቁ ዓመታት አሳልፈዋል። በኖቬምበር 1917 የፓንልቬ መንግሥት ሲወድቅ ግን ፗንካሬ ጥላቻቸውን ውጠው የ76 ዓመቱን አዛውንት ጠሩ። ፗንካሬ በጦርነቱ ሁሉ ከሠሩት ሥራ ትልቁ ይኸው ጥሪ ይመስለኛል።

ክሌማንሶን ፈረንሳዮች «ነብሩ» ይሏቸዋል፤ በኋላ ወታደሮቹ «የድል አባት» አሏቸው፤ በእኛ የፈረስ ስም ብንጠራቸው «አባ ድል» ማለታችን ነው። በምሽግ ውስጥ ከጭቃ ጋር እየታገሉ ከወታደሮች ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ የታወቀ ነው። ብዙም የማይነገረው ግን ከዚያ በፊት የት እንደነበሩ ነው። ከ1915 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የጦር ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነድ ሲያገላብጡ፣ ሚኒስትሮችን ሲያፋጥጡ፣ ግንባር ወርደው መድፍ ሲቆጥሩ ከርመዋል። ሥልጣን ሲይዙ የጦር ሚኒስትርነቱንም ራሳቸው ደርበው ያዙ፤ ጄኔራሎቹ ሊያታልሏቸው ያልቻሉትም መልሱን አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው። ድል ያመጣው ሰው የተማረው በመጠየቅ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ማርች 8 ቀን 1918 ምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ የውስጥ ፖለቲካዎ ምንድን ነው ላላቸው «እዋጋለሁ»፣ የውጭስ ላላቸው «አሁንም እዋጋለሁ» አሉ። ይህ ንግግር የአምባገነን ፉከራ ሆኖ ሲጠቀስ እሰማለሁ። የተነገረው ግን በፈለገው ቀን ከወንበራቸው ሊያነሣቸው በሚችል ጉባኤ ፊት ነው። በሜይ መጨረሻ ጀርመን መስመሩን ሰብሮ ወደ ማርን ወንዝ ሲወርድ፣ ጁን 4 ቀን እንደራሴዎቹ የጦር አዛዦቹ ፎሽና ፔታን ይነሡ አሉ። ክሌማንሶ ወደ መድረኩ ወጥተው፣ በጩኸትና በስድብ መካከል፣ ጄኔራሎቼን አሳልፌ አልሰጥም አሉ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ አሸነፉ። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ፗንካሬ የጦር ማቆሙ ድርድር የሠራዊቱን ጉልበት እንዳያሰንፍ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ሲልኩላቸው፣ ክሌማንሶ ሥራዬን እለቅቃለሁ ብለው ዛቱና ርእሰ ብሔሩ ነገሩን አበረዱት። ጦርነቱን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ ለማንም እንደሚመልስ፣ ከዚህ በላይ የሚያብራራ የለም።

ክሌማንሶን ጻድቅ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ጆዜፍ ካዮን አሳስረዋል፤ የቀድሞው የአገር ግዛት ሚኒስትር ማልቪም ለአምስት ዓመት ከአገር እንዲወጡ ተፈርዶባቸዋል፤ ሁለቱም የሰላም ድርድር ይታሰብ ከሚሉት ወገን ነበሩ። በዚያው በ1918 የሴኔጋሉን እንደራሴ ብሌዝ ዲያኝን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ልከው ከ60,000 በላይ ወጣት አስመልምለዋል። ከእነዚያ ወጣቶች አብዛኞቹ ድምፅ የሚሰጥላቸው፣ ስለ ሞታቸው በምክር ቤት የሚጠይቅላቸው ሰው አልነበራቸውም። የፈረንሳይ መንግሥት ተጠያቂነት ቅኝ ግዛቱ ሲጀምር ያበቃ ነበር፤ ወደዚህ ነገር መመለሴ አይቀርም።

ጦርነቱ አልቆ በጃንዋሪ 1920 ክሌማንሶ ርእሰ ብሔር ለመሆን ሲታሰቡ፣ የምክር ቤቶቹ አባላት ፊታቸውን አዞሩባቸው። የመረጧቸው ያንን የድሪያንን ደብዳቤ የተቀበሉትን ዴሻኔልን ነው።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ፈረንሳይን ወርራ ሳለ፣ በጁን 1940፣ ርእሰ ብሔሩ አልቤር ለብረን ነበሩ። ጨዋ፣ ሥርዓት አክባሪ፣ እንባቸው ቅርብ የሆነ ሰው ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፖል ሬኖ በማርች ሥልጣን ሲይዙ የመተማመኛውን ድምፅ ያለፉት በአንድ ድምፅ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዳላዲዬም ከ1938 ጀምሮ አገሩን የሚያስተዳድሩት በአመዛኙ ምክር ቤቱ አሳልፎ በሰጣቸው ሥልጣን፣ በድንጋጌ ነበር። ስለዚህ ምክር ቤቱ ጀርመኖች ከመምጣታቸው በፊት መጠየቅ ትቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንግሥቱ ጁን 10 ቀን ፓሪስን ለቆ ወደ ቱር፣ ከዚያም ወደ ቦርዶ ሄደ። ሬኖ ሆላንዶች እንዳደረጉት እናድርግ አሉ፤ ሠራዊቱ በሜዳ እጁን ይስጥ፣ መንግሥቱ ግን ባሕር ተሻግሮ ከሰሜን አፍሪካ ጦርነቱን ይቀጥል ነው ነገሩ። ጠቅላይ አዛዡ ጄኔራል ዌይጋን የሠራዊቱን ክብር አላስነካም፣ የጦር ማቆም ስምምነቱን መጠየቅ ያለበት መንግሥት ነው ብለው እምቢ አሉ። ሬኖ በዚያው ቀን ሊሽሯቸው ይችሉ ነበር፤ አልሻሯቸውም። ይህ ክርክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከማይጨው በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎሬ ሄደው ይዋጉ ወይስ ወደ ውጭ ወጥተው ለዓለም አቤት ይበሉ ተብሎ ተመክሯል፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በፈረንሳዮቹ ባቡር፣ በፈረንሳዮቹ ጅቡቲ በኩል ወጥተዋል። ያ ውሳኔ ልክ ነበር አልነበረም እስከ ዛሬ ያከራክረናል። የቦርዶውን ከዚያ የሚለየው በምክር ቤት ጨርሶ ሳይመከርበት መቅረቱ ነው። ጁን 16 ማታ ሬኖ፣ ሚኒስትሮቻቸው ድምፅ ሳይሰጡ፣ አብላጫውን አጥቻለሁ ብለው ገምተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለብረን ወዲያው የ84 ዓመቱን ማርሻል ፔታንን ጠሩ፤ ፔታንም የሚኒስትሮቻቸውን ስም ዝርዝር ከያዙት ቦርሳ አወጡ። ምክር ቤት አልተጠራም፤ ማንም አልተጠየቀም። በማግስቱ ፔታን ውጊያው ይቁም ብለው በራዲዮ ተናገሩ።

ለብረን ራሳቸው ወደ ሰሜን አፍሪካ ለመሻገር አስበው ነበር። ፒየር ላቫል ጥቂት እንደራሴዎች አስከትለው ቢሯቸው ገብተው በማስፈራራት አስቀሯቸው። ላቫልን የእኛ ታሪክ በደንብ ያውቃቸዋል። በጃንዋሪ 1935 ሮም ሄደው ከሙሶሊኒ ጋር የተፈራረሙት፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ለጣሊያን ያካፈሉት፣ በዲሴምበርም ከእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆር ጋር ሆነው ኢትዮጵያን ለመሸንሸን ያሰቡት እሳቸው ናቸው። ያ ሽንሸና በጋዜጣ ሲጋለጥ ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የላቫል መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ፤ የጋዜጣና የምክር ቤት ጩኸት ያኔ ሠርቶ ነበር። ጁላይ 10 ቀን 1940 በቪሺ ከተማ የቁማር ቤት አዳራሽ ውስጥ ግን የሚጮኽ አልቀረም። 569 የምክር ቤት አባላት ሥልጣኑን ሁሉ ለፔታን እንዲሰጥ ሲደግፉ የተቃወሙት 80 ብቻ ናቸው። በማግስቱ ፔታን የሪፐብሊክ ፕሬዚዳንትነትን ሽረው «የፈረንሳይ ርእሰ ብሔር» የሚለውን ስም ለራሳቸው ያዙ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ተጠያቂነት ተጠያቂነት የምትለው ምክር ቤት ይኸው ሪፐብሊኩን በድምፅ ብልጫ ገደለው ይለኛል። እውነት ነው፤ ይህን ድምፅ ላስተባብል አልችልም። ሆኖም የተሰበሰበው ምክር ቤት ሙሉ አልነበረም፤ ኮሚኒስቶቹ እንደራሴዎች አስቀድመው ተባረዋል፤ ትግሉን ከአፍሪካ እንቀጥል ብለው ማሲሊያ በተባለችው መርከብ የወጡትም ካዛብላንካ ላይ እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ታግተዋል። ከሁሉ በላይ ግን የጁላይ 10 ድምፅ የመጣው ዋናው ውሳኔ ጁን 16 በጓዳ ካለቀ በኋላ ነው።

ደ ጎል ስለ ለብረን በኋላ ሲጽፉ፣ እንደ ርእሰ ብሔር የጎደሏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እሳቸው መሪ አልነበሩም፣ የሚመሩትም መንግሥት አልነበረም ብለዋል። ዓረፍተ ነገሩ ጭካኔም እውነትም አለበት። የደ ጎል ሕገ መንግሥታዊ ሐሳብ ሁሉ የመነጨው ከዚያ የጁን 1940 ሳምንት ነው። ሬኖ በለቀቁ ልክ በስድስተኛ ዓመቱ፣ ጁን 16 ቀን 1946፣ ባዩ ከተማ ላይ ባደረጉት ንግግር ከፓርቲዎች በላይ የሆነ፣ አገር አደጋ ላይ ስትወድቅ ለነጻነቷ ዋስ የሚሆን ርእሰ ብሔር ያስፈልጋል አሉ። በ1958 ያንን ጻፉት። አንቀጽ 5 ፕሬዚዳንቱን የነጻነት ዋስ፣ አንቀጽ 15 የጦር ኃይሎች አለቃ ያደርጋል፤ አንቀጽ 16 ደግሞ አገር በከባድ አደጋ ላይ ስትሆን ልዩ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 20 የአገሪቱን ፖለቲካ የሚወስነውም የሚመራውም መንግሥት ነው፣ በአንቀጽ 21 የመከላከያ ኃላፊው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ይላል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ ሕጉ አይናገርም፤ ልማዱ ግን ለፕሬዚዳንቱ ፈርዷል።

የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችውና ለነጻነቷ የተነሣችው አልጄሪያ የዚህ ሥርዓት መፈተኛ ሆነች። ከ1954 እስከ 1962 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወጣት የዘመተበትን ያንን ጦርነት የፈረንሳይ መንግሥት ጦርነት አላለውም፤ «ሥርዓት የማስከበር ተግባር» ነበር የሚለው። (እንዲህ ያለው አጠራር ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም።) ጦርነት የሚለው ቃል በሕግ የገባው በ1999 ነው። ስሙ ጦርነት ያልሆነ ነገር ደግሞ የጦርነት ጥያቄ አይጠየቅበትም። በማርች 1956 የጠቅላይ ሚኒስትር ጊ ሞሌ መንግሥት በአልጄሪያ የፈለገውን እንዲያደርግ ልዩ ሥልጣን ሲሰጠው፣ ድምፁን የሰጠው ራሱ ምክር ቤቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ግርፋቱና ስለ ሥቃዩ የሚመጣውን ክስ ለመስማት ጆሮ አልነበረውም።

በኤፕሪል 1961 ሻል፣ ሳላን፣ ዡኦና ዜለር የተባሉት አራት ጄኔራሎች አልጄሪያ ከፈረንሳይ እንዳትለይ ብለው አልጀርስ ላይ ሲያምፁ ጠንካራ ርእሰ ብሔር ምን እንደሚጠቅም ታየ። ይህን መካድ አልችልም። ደ ጎል የጄኔራልነት ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥንና በራዲዮ ቀረቡ፤ ወታደሮቹም በየሰፈሩ በትንንሽ ራዲዮ ድምፃቸውን ሰምተው አዛዦቻቸውን አንታዘዝም አሉ፤ አመፁ በአራት ቀን ከሰመ። ግን ለድምፃቸው ያን ክብደት የሰጠው ምንድን ነው? በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ሕዝቡ ስለ አልጄሪያ ዕድሏን በራሷ መወሰን ተጠይቆ፣ ከመቶ 75 ያህሉ እሺ ብሎ ነበር። የተናገሩት ተጠይቆ የመለሰ ሕዝብ ይዘው ነው። አንቀጽ 16 የሰጣቸውን ልዩ ሥልጣን በተመለከተ ግን አራት ቀን ለፈጀ አመፅ አምስት ወር ያህል ይዘውታል፤ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ አንድ አቅጣጫ ነው። ከ1962ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ከጃንዋሪ 1964 ድንጋጌ ወዲህ የኒውክሌር መሣሪያው ትእዛዝ የእሱ ብቻ ነው። ይህን የአንድ ሰው ሥልጣን በተቃዋሚነት ዘመናቸው አጥብቀው የነቀፉት ፍራንሷ ሚተራን ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በ1983 በቴሌቪዥን ቀርበው፣ የመከላከሉ ዋና ምሰሶ ርእሰ ብሔሩ ነው፣ «እኔ ነኝ» አሉ። ያም ሆኖ በጃንዋሪ 1991 ወደ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከመግባታቸው በፊት ምክር ቤቱን በልዩ ስብሰባ ጠርተው ድምፅ አስጥተዋል፤ 523 ደግፎ 43 ተቃውሟል። ሕጉ ሳያስገድዳቸው ማድረጋቸውን አከብርላቸዋለሁ።

የ2008ቱ ማሻሻያ ይህንን ልማድ ሕግ ያደርገዋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አንቀጽ 35 ዛሬ የሚለው፣ መንግሥት ጦር ወደ ውጭ በላከ በሦስት ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ ያሳውቃል፣ ዘመቻው ከአራት ወር ካለፈ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጀርመን ውስጥ ምክር ቤቱ እያንዳንዱን የውጭ ዘመቻ የጊዜ ገደብ አበጅቶለት ይፈቅዳል፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደ ገና ይከራከርበታል። ፈረንሳይ ግን አንዴ እሺ ካለች ማለቂያው የፕሬዚዳንቱ ነው።

ማሊ የዚህ ውጤት ናት። ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ኦላንድ ጃንዋሪ 11 ቀን 2013 የጂሃድ ታጣቂዎችን ለመውጋት ጦር ላኩ፤ ያኔ የነበረው ጥድፊያ እውነተኛ ነበር፤ የማሊም መንግሥት ለምኗል። ኤፕሪል 22 ቀን ምክር ቤቱ ዘመቻው እንዲቀጥል ፈቀደ። በኦገስት 2014 ዘመቻው ስሙም፣ ስፋቱም፣ ዓላማውም ተለውጦ «ባርካን» በሚል አምስት አገሮችን ያካለለ ዘመቻ ሆነ፤ አዲስ ድምፅ ግን አልተሰጠበትም። የመጨረሻው የፈረንሳይ ወታደር በኦገስት 2022 ከማሊ ሲወጣ ዘጠኝ ዓመት ተኩል አልፏል፤ ከ50 በላይ የፈረንሳይ ወታደሮች ሞተዋል፤ የማሊ፣ የቡርኪና ፋሶና የኒጀር ሕዝብ ሟች ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ዓላማው ምንድን ነው፣ መቼ ያልቃል፣ ባይሳካስ የሚለው ጥያቄ በአዳራሽ ተነሥቶ ቢሆን ውጤቱ ይለወጥ ነበር ብዬ አልምልም። የሚጠይቅ ሰው ግን አልነበረም። ከ1918 የሴኔጋል ምልምሎች፣ ከ1956ቱ አልጄሪያ ጋር የሚያገናኘው ክር ይህ ይመስለኛል። ጦርነቱ አፍሪካ ላይ ሲሆን የፓሪስ ምክር ቤት ዓይኑ ይከዳዋል።

ቃሉ ደግሞ በተቃራኒው ረክሷል። ከአልጄሪያ የተነፈገው «ጦርነት» በኖቬምበር 2015 ከፓሪሱ የሽብር ጥቃት በኋላ በኦላንድ አንደበት፣ በማርች 2020 ደግሞ ስለ ኮሮና ቫይረስ ሲነገር በኢማኑኤል ማክሮን አንደበት በአንድ ንግግር ስድስት ጊዜ ተሰማ። በወረርሽኙ ጊዜ ትልልቅ ውሳኔዎች የተወሰኑት ምስጢር በሚጠበቅበት የመከላከያ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ ለጦር ዕቅድ የተበጀ በር ለጭንብልና ለክትባት ተዘጋ። ማክሮን ሥልጣን በያዙ በሁለት ወራቸው፣ በጁላይ 2017፣ የበጀት ቅነሳውን በዝግ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት የነቀፉትን ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም (ይህን የሹመት ስም እኛም የወሰድነው ከእነሱው ቋንቋ ነው) ጄኔራል ፒየር ደ ቪሊዬን «አለቃችሁ እኔ ነኝ» ብለው በአደባባይ ገሠጹ። ጄኔራሉ ሥራቸውን ለቀቁ። ወታደር ለተመራጭ መታዘዝ አለበት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ጄኔራሉ የተናገሩት ለእንደራሴዎች ነው፤ ለእንደራሴ እውነቱን መንገር እንደ አለመታዘዝ ሲቆጠር የዦፍር ደብዳቤ ትዝ ይለኛል።

አሁን ጥያቄው የዩክሬን ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2024 ማክሮን የምዕራባውያን እግረኛ ጦር ወደዚያ መላክ ከሐሳብ ውጭ መሆን የለበትም ብለው አውሮፓን አስደነገጡ። እንደራሴዎቹ ክርክር ያደረጉት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም አስቀድሞ በተፈረመ የጸጥታ ስምምነት ላይ፣ መንግሥትን በማያስገድድ ድምፅ። ማክሮን ስለ ሩሲያ የተናገሩት ስሕተት ነው አላልኩም፤ እንዲያውም ከብዙ የአውሮፓ መሪዎች ቀድሞ መናገር ድፍረት ጠይቋቸዋል። የሚገርመው ይህ ምክር ቤት ደካማ አለመሆኑ ነው። በዲሴምበር 2024 በማኅበራዊ ዋስትና በጀት ሰበብ የባርንዬን መንግሥት ጥሏል፤ በሴፕቴምበር 2025 ባይሩን አሰናብቷል። ጠቅላይ ሚኒስትር በጡረታና በጀት ይወድቃል፤ ጦር የሚልከውን ግን ማንም አይነካውም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአባቶች ብሂል ንጉሧን በሞት በቀጣች አገር ሕይወት ማግኘቱ አያስቅም?

ፍጥነትና ምስጢር ያስፈልጋል የሚለውን መከራከሪያ በከፊል እቀበለዋለሁ። በኒውክሌር ጉዳይ ሰብሰብ ብለን እንወያይ የሚባል ነገር የለም፤ የጃንዋሪ 2013ቱም ውሳኔ በሰዓታት መወሰን ነበረበት። ሦስቱ ቀንና አራቱ ወር እንዳሉ ይቆዩ። አንቀጽ 35 ላይ ግን ፈቃዱ በዓመቱ እንደሚያበቃ፣ ለማራዘምም እንደ ገና ድምፅ እንደሚያስፈልግ፣ ዘመቻው ስሙን ወይም ወሰኑን ሲለውጥ ደግሞ ፈቃዱ እንደሚፈርስ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨመርበት ይችላል። የመከላከያ ኮሚቴዎቹም እንደ ክሌማንሶ ዘመን ቦታው ድረስ ሄደው የሚያዩ፣ ከመኮንኖች የሚሰሙትን ማንንም ሳይፈሩ የሚጠይቁ ቢሆኑ፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ሕግ ሳይሆን የእንደራሴዎቹ ፈቃደኝነት ነው። በ2027 ፈረንሳዮች አዲስ ፕሬዚዳንት ይመርጣሉ። ዕጩዎቹ ስለ ጡረታ ዕድሜ፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ግብር ሲከራከሩ በቴሌቪዥን እናያቸዋለን፤ አንዱ ጋዜጠኛ ተነሥቶ «ጦር የላኩ ዕለት በማግስቱ ማን ፊት ይቆማሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ከሰዓታት ክርክር ይልቅ ያን መልስ መስማት እመርጣለሁ።